ታማሚው ያልተጠራበት ጉባኤ

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ እውነት አለው። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ጫንቃ ላይ የሚጥል ተረት ነው። በሽታውን ሳይደብቅ ተናግሮ ሰሚ ያጣውስ ምን ይበል? ስለ እሱ ጉባኤ ተጠርቶ፣ ስለ እሱ መመሪያ ተጽፎ፣ እሱ ግን በር ላይ የቀረው ታማሚ መድኃኒቱን ከየት ያግኝ? ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ይህ ነው።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምንጽፈው ስለ ምርጫ፣ ስለ እሥርና ስለ ጦርነት ነው። ዛሬ ስለ ሕክምና መመሪያ ስንጽፍ “ምነው ፖለቲካውን ተዋችሁት?” የሚለን አይጠፋም። አልተውነውም። “ማን ይወስናል? በማን ላይስ ይወሰናል?” የሚለው ጥያቄ የፓርላማና የቤተ መንግሥት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በላብራቶሪ ወረቀት ላይም አለ፤ በወሊድ ክፍል ውስጥም አለ፤ በደም ባንክ ደጃፍም አለ። እንዲያውም እዚያ ሲደርስ ጥያቄው የሞትና የሕይወት ነው።

አንድ ደም፣ ሁለት ቁጥር

ነገሩን ከራሳችን ደጅ እንጀምር። አሜሪካ የሚኖር ወገናችን ደም ሰጥቶ የኩላሊት ምርመራ ውጤቱን ሲቀበል ወረቀቱ ላይ ለረጅም ዓመታት ሁለት መስመር ያገኝ ነበር። አንደኛው መስመር “አፍሪካዊ አሜሪካዊ ከሆነ” ይላል። ሁለተኛው “አፍሪካዊ አሜሪካዊ ካልሆነ” ይላል። ሰውየው አንድ፣ ደሙ አንድ፣ ኩላሊቱም ያው ኩላሊት ነው። ቁጥሩ ግን ሁለት ነው። ብዙዎቻችን ይህን ወረቀት አይተን አልፈነዋል። “እኔ የቱ ነኝ?” ብለን የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።

ቁጥሩ ከየት መጣ? ክሬአቲኒን የሚባል ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ አለ። ጤነኛ ኩላሊት ያጣራዋል፤ የደከመ ኩላሊት ግን በደም ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርገዋል። ሐኪሞች የዚህን ንጥረ ነገር መጠን፣ የሰውየውን ዕድሜና ጾታ በአንድ ቀመር አስገብተው ኩላሊቱ ምን ያህል እንደሚያጣራ ይገምታሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ቀመር ታዲያ አንድ ተጨማሪ ነገር ነበረው። ታማሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱ በ1.2 ገደማ ይባዛል። በ2009 የወጣው የተሻሻለው ቀመርም ማባዣውን ወደ 1.16 ገደማ ዝቅ አደረገው እንጂ አላስቀረውም። የተሰጠው ምክንያት ጥቁሮች በአማካይ ጡንቻቸው ስለሚበዛ ክሬአቲኒናቸውም ይበዛል የሚል ነው። የመጀመሪያው ቀመር የተሠራው በ1,628 ሰዎች መረጃ ሲሆን ከእነሱ ውስጥ ጥቁሮቹ 12 በመቶ ያህል ነበሩ። እነሱም የአሜሪካ ጥቁሮች ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። የዓመቱን ግማሽ ከሥጋ ተከልክሎ የሚጾመው ቀጭኑ የጎጃም ሰው፣ የሐረሩ፣ የአርሲው፣ የመቀሌው ሁሉ “ጥቁር” በሚል አንድ ቃል ተጠቅልሎ ጡንቻው ገዘፈለት። ሥጋ መብላትና የጡንቻ መጠን ክሬአቲኒንን ከፍና ዝቅ እንደሚያደርጉ ሐኪም ሁሉ ያውቃል። ሰውየውን ግን ምን ትበላለህ፣ ምን ትሠራለህ፣ ከየት መጣህ ብሎ የጠየቀው የለም። ቆዳው ታየ፤ ቁጥሩ ተባዛ፤ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2008 በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ላይ የተደረገ ጥናት ቀመሩ ያለ ማባዣው የተሻለ እንደሚሠራ አሳይቶ ነበር። ማባዣው ግን ከዚያ በኋላም ከአሥር ዓመት በላይ በወረቀቱ ላይ ቆየ።

“ቁጥር ቢባዛ ምን ይጎዳል?” የሚል ካለ እናስረዳው። በአሜሪካ አንድ ሰው ለኩላሊት ንቅለ ተከላ የጥበቃ ጊዜው መቆጠር የሚጀምርለት የማጣራት አቅሙ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ቁጥሩ 18 የሆነ ሰው ተራ ይይዛል። ይኸው 18 በ1.16 ሲባዛ ግን 21 ገደማ ይሆናል። ጎረቤቱ ወረፋ ሲይዝ የኛ ሰው “ኩላሊትህ ገና ደህና ነው” ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት በማሽን ላይ ተኝቶ ያየ፣ ወይም ወንድሙን ያስታመመ ሰው፣ የአንድ ዓመት ወረፋ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ይህን የሠሩት ሰዎች ክፉዎች ነበሩ አንልም። ባለሙያዎች ናቸው፤ በእጃቸው ያለው መረጃ ያሳያቸውን ጻፉ። ችግሩ ቀመሩ ከጥናት መጽሔት ወጥቶ የሰው ዕጣ መወሰኛ ሲሆን ቁጥሩ የሚያርፍበት ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ አለመኖሩ ነው። ጥያቄውን አንሥተው አላስቀምጥ ያሉት የሕክምና ተማሪዎች፣ ጥቁር ሐኪሞችና ሕመምተኞች ናቸው። በ2020 የአሜሪካ የኩላሊት ፋውንዴሽንና የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር በዶክተር ሲንቲያ ዴልጋዶና በዶክተር ኒል ፓው የሚመራ የጋራ ግብረ ኃይል አቋቋሙ። በግብረ ኃይሉ ውስጥ የኩላሊት ስፔሻሊስቶች ብቻ አልነበሩም። የላብራቶሪ ሰዎች፣ የጤና ልዩነትን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኩላሊት ሕመምተኞች ራሳቸው በአባልነት ተቀምጠውበታል። ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻቸው የተናገሩበት መድረክም ተከፍቶ ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ማባዣውን ዝም ብሎ መሰረዝ ሌላ ጉዳት ያመጣል የሚሉም ነበሩ። ቁጥሩ በድንገት ዝቅ ሲል የስኳርና የካንሰር መድኃኒት መጠን ሊቀነስ ወይም ሊከለከል ይችላል። ትክክለኛ ስጋት ነው፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ መድኃኒት የሚያዝዘውና የሚያድለው ነው። ስለዚህ ብዙ አማራጮች ተመዘኑ። በመጨረሻም ዘርን የማይጠይቅ አዲስ ቀመር ተሰልቶ በመስከረም 2021 ይፋ ሆነ። በ2022 ለንቅለ ተከላ ወረፋ ዘርን የሚያስገባ ቀመር መጠቀም ተከለከለ። ከጥር 2023 ጀምሮ ደግሞ ሆስፒታሎች በአሮጌው ቀመር ምክንያት የዘገዩ ጥቁር ታማሚዎችን እየፈለጉ ያጡትን የጥበቃ ጊዜ እንዲመልሱላቸው ተደረገ። እስከ 2024 የጸደይ ወራት ድረስ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአማካይ የሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ተመልሶላቸዋል።

ሁለት ዓመት! አሥራ አራት ሺህ ሰው! ይህ የተመለሰላቸው ቁጥር ነው። ሳይመለስላቸው ያለፉትን የሚቆጥር የለም።

መመሪያ የሚባለው ነገር

ሐኪም ፊት ስንቀርብ የሚያክመን እሱ ብቻ ይመስለናል። ከበስተጀርባው ግን መመሪያ አለ። የደም ግፊት ስንት ሲሆን መድኃኒት ይጀመር፣ የትኛው ክኒን ይቅደም፣ ማን ወደ ቀዶ ሕክምና ይላክ፣ ኢንሹራንስ ለየትኛው ይክፈል፣ ይህ ሁሉ የሚወሰነው በመመሪያ ነው። ሕግ ባይሆንም ከሕግ የማይተናነስ ጉልበት አለው።

ይህን የሚጽፉት ለረጅም ጊዜ ጥቂት የአንድ ሙያ ሊቃውንት ነበሩ። ሊቅ መሆናቸው የሚከበር ነው። ነገር ግን አናጢ ሁሉን ነገር በመዶሻው እንደሚያይ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቢላውን፣ የመድኃኒት ሐኪም ክኒኑን ያስቀድማል። የዓለም የጤና ድርጅት እንኳ ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2007 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ድርጅቱ መመሪያዎቹን የሚያወጣው መረጃን በሥርዓት መርምሮ ሳይሆን በአብዛኛው የጥቂት ባለሙያዎችን አስተያየት ይዞ እንደሆነ አጋለጠ። ድርጅቱም በዚያው ዓመት መመሪያዎቹን የሚገመግም ኮሚቴ ለማቋቋም ተገደደ።

ዛሬ መስፈርቱ ግልጽ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው አግሪ የተባለው ዓለም አቀፍ የመመሪያ መመዘኛ “በዝግጅቱ ላይ የሚመለከታቸው ሙያዎች ሁሉ ነበሩ ወይ? የታማሚዎች አመለካከትና ፍላጎት ተጠይቋል ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። በ2011 የአሜሪካው የሕክምና ኢንስቲትዩት እምነት የሚጣልበት መመሪያ ምን ማሟላት እንዳለበት ሲዘረዝር አዘጋጆቹ ከልዩ ልዩ ሙያ የተውጣጡ እንዲሆኑ፣ በመካከላቸውም ታማሚ ወይም የታማሚዎች ተወካይ እንዲኖር ጠይቋል። ናይስ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የእንግሊዝ ተቋም ደግሞ በእያንዳንዱ የመመሪያ ኮሚቴ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሐኪም ያልሆኑ አባላት፣ ማለትም ታማሚዎች ወይም አስታማሚዎች፣ እንዲቀመጡ ያደርጋል።

በነፃ የመጣ መብት አይደለም

ይህ ወንበር በልመና አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1983 በኮሎራዶ ዴንቨር በተደረገ የጤና ጉባኤ ላይ ጥቂት የኤድስ ሕሙማን መድረኩን ያዙ። በዚያን ጊዜ ቫይረሱ ስም እንኳ አልወጣለትም ነበር። “ተጠቂዎች” ብላችሁ አትጥሩን፣ ስለ እኛ በሚወሰንበት ቦታ ሁሉ እንገኝ የሚል መግለጫ አወጡ። የዴንቨር መርሆዎች ይባላል። በጥቅምት 1988 ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ እምብዛም በማይርቀው በሮክቪል ሜሪላንድ የአሜሪካን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሕንፃ ከበቡ። ጩኸታቸው የመድኃኒት ጥናቱ የሚካሄደው የሚሞተውን ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚል ነበር።

እውነት ነበራቸው። ተመራማሪዎቹ ለግማሹ መድኃኒት፣ ለግማሹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን እየሰጡ ያወዳድሩ ነበር። ታማሚዎቹ ግን በጓሮ እየተገናኙ ክኒኑን ይካፈሉ ነበር። ሞት የተፈረደበት ሰው ለጥናቱ ንጽህና ሲል እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ብሎ ማሰብ ታማሚን አለማወቅ ነው። ከዚያ ወዲያ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ሕመምተኞች በመንግሥቱ የኤድስ ምርምር ኮሚቴዎች ውስጥ ወንበር አገኙ። ጥናቱም ተሻሻለ እንጂ አልተበላሸም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ 42 መንግሥታት ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች በውሳኔው ሁሉ እንዲካፈሉ የሚል መግለጫ ፈረሙ።

የኛ ወገኖችም በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ቀምሰዋል። በጥር 1996 ማዓሪቭ የተባለው የእስራኤል ጋዜጣ አንድ ምስጢር አወጣ። ቤተ እስራኤላውያን የሚለግሱት ደም በኤች አይ ቪ ስጋት ምክንያት ለዓመታት ሳይነገራቸው ሲጣል ኖሯል። ደም ሰጪው ብርቱካን ጭማቂውን ጠጥቶ፣ አገሩን እንዳገለገለ ተሰምቶት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደሙ ግን ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰለፉ። ከፖሊስም ጋር ተጋጩ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ።

ደሙን ስለ መጠበቅ የተነሣው ስጋት በራሱ ወንጀል አልነበረም። ደም ባንክ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። ወንጀሉ ውሳኔው በጓዳ መወሰኑ ነው። የማኅበረሰቡን ሽማግሌዎች፣ ቄሶቹን፣ ከእኛው መካከል የወጡትን ነርሶችና ሐኪሞች ጠርቶ “ይህ ችግር አለብን፣ እንዴት እናድርግ?” ያለ ቢኖር ኖሮ፣ ያ ሁሉ ውርደት ባልመጣ ነበር። ለኛ ሰው ደም ማለት ምን እንደሆነ ሊነግራቸው የሚችል አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናገር ግድ ይለናል። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ስንሠራ “ባለድርሻ አካላት በተሳተፉበት አውደ ጥናት መመሪያው ጸደቀ” የሚል ዜና ስንት ጊዜ አርመን አሳልፈናል! ቁጥሩን አናውቀውም። አውደ ጥናቱ በሆቴል አዳራሽ ነው። ረቂቁ በእንግሊዝኛ ነው። ክቡር ሚኒስትር ዴኤታው ይከፍቱታል፤ ለጋሽ ድርጅቱ ንግግር ያደርጋል፤ ሻይ ቡና ይባላል፤ የውሎ አበል ይፈረማል። ከሰዓት በኋላ “ጠቃሚ ግብዓት ተገኝቷል” ይባልና ይዘጋል። እኛም አንድ ጊዜ እንኳን “ባለድርሻዎቹ እነማን ናቸው? በሽታው ያለበት ሰው በአዳራሹ ውስጥ ነበር ወይ?” ብለን ሪፖርተራችንን አልጠየቅንም። ይህን በማንም አናሳብብም። ጥፋቱ የኛ ነው።

ባንጠይቅም ውጤቱ መሬት ላይ ይታይ ነበር። በጥር 2005 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር መመሪያው “መድኃኒቱ በሰዓቱ ሳይቋረጥ ይወሰድ” ይል ነበር። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ዙሪያ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ታማሚዎች ድንኳን ጥለው ነበር። ከመካከላቸው ብዙዎች መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል ነው ብለው፣ ወይም ተብለው፣ ክኒኑን ትተዋል። ይህን ከየትኛውም ፕሮፌሰር ቀድመው የሚያውቁት ታማሚዎቹና ካህናቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 እንደተመሠረተው እንደ ተስፋ ጎህ ያሉ የሕሙማን ማኅበራትም ፊታቸውን ሳይሸፍኑ አደባባይ የወጡ ሰዎች ያቋቋሟቸው ናቸው። በመጨረሻ በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጠበሉ አብረው ቢወሰዱ እንደማይጣሉ በይፋ ተናገሩ። አንድ የሃይማኖት አባት የተናገረው ቃል አንድ ሙሉ የሕክምና መጽሐፍ ያልፈታውን ቋጠሮ ፈታ። ታዲያ ካህኑና ታማሚው ከመጀመሪያው ቢጠሩ ምን ነበረበት?

እውነቱን ለመናገር የተሻለ የተሠራበትም ጊዜ አለ። መንግሥትን ስንነቅፍ የኖርን ሰዎች ብንሆንም ደግ ሥራን አንክድም። በ2005 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ክሊኒክ ተሠራ፤ አዋላጅ ተመደበ፤ እናቶች ግን አልመጡም። ለምን? ጠያቂ ሲገኝ መልሱ ቀላል ነበር። ቤት ስትወልድ እናቷ፣ አክስቷና ጎረቤቷ “ማርያም ማርያም” እያሉ በዙሪያዋ ናቸው። ገንፎ ይገነፋል፤ ቡና ይፈላል። ክሊኒኩ ግን ዘመዶቿን በር ላይ አስቀርቶ ብቻዋን በጀርባዋ ያስተኛታል። እናቶቹ ይህን በነፍሰ ጡር እናቶች ጉባኤ ላይ ተናገሩ። የሰሙት ደግሞ ከእነሱ ጋር የሚውሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠራ፤ ገንፎው ተገነፋ፤ ቡናውም ተፈላ። ቁጥሩ በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 በመቶ ከፍ አለ።

ይህን ያደረገው ገንፎ ብቻ ነው አንልም። መንገድም ነው፤ አምቡላንስም ነው፤ የሠራተኞቹ ልፋትም ነው። ሆኖም መንገዱ ቢሠራ፣ አምቡላንሱ ቢቆም፣ እናቲቱ አልሳፈርም ካለች ምን ይጠቅማል? ለምን እንደማትሳፈር የምታውቀው እሷ ናት።

“ያልተማረ ምን ያውቃል?”

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቀዋለን። “ስለ ክሬአቲኒን ያልተማረ ሰው ምን ሊል ነው? ሕክምና እኮ በድምፅ ብልጫ አይሠራም!” ይባላል። ትክክል ነው፤ በድምፅ ብልጫ አይሠራም። መድኃኒቱ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን የሚመልሰው ጥናት ነው። ነገር ግን ጥናት የማይመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ። ዕድሜዬን በስድስት ወር ለማራዘም እነዚያን ስድስት ወራት ሆስፒታል ተኝቼ ላሳልፍ ወይ? መድኃኒቱ በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋር ይወሰድ ሲባል በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም፣ በረመዳን እስከ መግሪብ የሚጾም ሰው ምን ያድርግ? ታክሲ የሚነዳ ሰው ሽንት የሚያበዛ ክኒን ጠዋት ውጦ እንዴት ይሥራ? የእነዚህ ሊቅ ታማሚው ነው። ለሱ ቀለብ የሚሰፍርለት አስታማሚው፣ ክኒኑን የሚያድለው ፋርማሲስት፣ ሌሊት አብራው የምታድረው ነርስ፣ እነሱም እያንዳንዳቸው ሌላው የማያየውን ያያሉ።

ከእንግሊዝ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ሰውን ለዓመታት አልጋ ላይ የሚጥል ከባድ የድካም ሕመም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ናይስ ባወጣው መመሪያ የአካል እንቅስቃሴን በየጊዜው በተወሰነ መጠን እየጨመሩ እንዲሠሩ ይመከር ነበር። ብዙ ታማሚዎች “ይህ እያባሰን ነው” ብለው ጮኹ። ስንፍና ነው፣ የአእምሮ ነው የተባሉም ነበሩ። መመሪያው እንደገና ሲዘጋጅ ታማሚዎች በኮሚቴው ውስጥ ተቀመጡ። የቀድሞዎቹ ጥናቶችም እንደገና ሲመዘኑ ጥራታቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። አዲሱ መመሪያ በነሐሴ 2021 ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው በአንዳንድ የሐኪሞች ማኅበራት ተቃውሞ ታገደ። ከውይይት በኋላ በጥቅምት መጨረሻ ታተመ፤ ያ ዓይነቱ ሕክምናም እንዳይሰጥ ተባለ። ተቃዋሚዎቹ “የታማሚ ስሜት ሳይንስን አሸነፈ” ብለዋል። እኛ ግን እንዲህ እናየዋለን፤ የታማሚው ጩኸት ሳይንሱ ሥራውን ደግሞ እንዲያይ አስገደደው። ጥያቄውን ያነሣው ታማሚው ነው፤ መልሱን የሰጠው ደግሞ ምዘናው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ መመሪያ ይስተካከላል።

ከዚህ የባሰ የሚያሰጋን ሌላ ነገር አለ። እሱም የይስሙላ ተወካይ ነው። በምዕራቡ ዓለም ከመድኃኒት ፋብሪካ ገንዘብ የሚቀበሉ የሕመምተኛ ማኅበራት አሉ፤ አፋቸው የታማሚ፣ ኪሳቸው የፋብሪካ ነው። በአገራችን ደግሞ ማኅበር ሁሉ ከላይ ሲደራጅ፣ ተወካዩ በደብዳቤ ሲመደብና ለማጨብጨብ ሲጠራ ኖረናል። ወጣቱም፣ ሴቱም፣ ገበሬውም በዚህ መንገድ “ተወክሏል”። ታማሚውም በዚያው መንገድ እንዲወከል አንፈልግም። አንድ ብቻውን የተቀመጠ ታማሚ በአሥራ አምስት ፕሮፌሰሮች መካከል ምን ድምፅ ይኖረዋል? ወንበር ብቻ አይበቃም። የሚናገርበት ቋንቋ፣ የሚዘጋጅበት ጊዜ፣ ለተናገረውም መልስ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አገር ቤት ላለው የጤና አስተዳደር፣ ማንም ሥልጣን ላይ ይቀመጥ ማን፣ የምንለው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ ሲወጣ የአዘጋጆቹ ስም፣ ሙያና ገንዘብ የሚቀበሉበት ቦታ አብሮ ይታተም። ሁለተኛ፣ በየኮሚቴው ቢያንስ ሁለት ታማሚዎች ወይም አስታማሚዎች ይኑሩ፤ የሚመርጧቸውም ራሳቸው ሕመምተኞቹ ይሁኑ። ነርስ፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም አይቅሩ። መመሪያውን ገጠር ወርዳ የምትሠራበት እሷ ናትና። ሦስተኛ፣ የረቂቁ ፍሬ ነገር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች ለሕዝብ ይቅረብ። አራተኛ፣ አስተያየት ለሰጠ ሁሉ ተቀባይነት ያገኘውና ያላገኘው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይመለስለት። ይህ ወርቅ አይጠይቅም፤ ንቀትን መተው ብቻ ይጠይቃል።

ለእኛ በስደት ላለነውም የቤት ሥራ አለ። በምንኖርባቸው አገሮች ብዙ ሆስፒታሎች የታማሚዎችና የቤተሰብ አማካሪ ምክር ቤት አላቸው። ወንበሩ አለ፤ የኛ ሰው ግን እምብዛም አይታይበትም። ለኮሚዩኒቲ ምርጫ ሌሊቱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ የምናድር ሰዎች በዚህ ምክር ቤት ለመቀመጥ በወር አንድ ምሽት እናጣለን? በነርስነት፣ በፋርማሲስትነትና በሐኪምነት የሚያገለግሉ ወገኖቻችንም በየሙያ ማኅበራቸው መመሪያ ሲከለስ እጃቸውን ያውጡ። አሜሪካ ያላችሁና ኩላሊታችሁን የምትታከሙ ደግሞ ሐኪማችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ። የማጣራት አቅሜ የተሰላው በ2021ዱ ቀመር ነው ወይ? ወረፋ ላይ ካላችሁ ደግሞ፣ በአሮጌው ቀመር ያጣሁት የጥበቃ ጊዜ ታይቶልኛል ወይ? ቋንቋው ካስቸገረ አስተርጓሚ ይምጣልኝ በሉ። ጥያቄው መብታችሁ ነው። ሐኪሙም አይቆጣም፤ ቢቆጣም ኩላሊቱ የእናንተ ነው።

ሽማግሌዎቻችንን፣ በተለይም ሐኪም ፊት “እሺ ዶክተር” ከማለት ሌላ ቃል የማይወጣቸውን እናትና አባቶቻችንን፣ ብቻቸውን አንላካቸው። እነሱ የሚናገሩት ታሪክ በየትኛውም ቀመር ውስጥ የለም። ካልተናገሩት የሚያውቅላቸው አይኖርም፤ ሲናገሩት የሚሰማ ካልተቀመጠ ደግሞ መናገራቸው ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ ወደ ተነሣንበት ተረት እንመለስ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እውነት ነው። ታማሚውን በር ላይ ያስቀረ ሐኪምም፣ ሕዝቡን በር ላይ እንዳስቀረ መንግሥት፣ በሽታውን አያገኘውም። በሩን ማንኳኳት የኛ ፋንታ ነው።

ቸር ይግጠመን።